ሳይቀዘቅዝ የተከፈተው ምድጃ

ትናንት አመሻሽ ላይ ልጄን ስጠብቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ረድኤት አዳማ ውስጥ የኒኬል ቅንጣቶች በሙቀት እንዳይጣበቁ በከሰል ቅርፊት የሚሸፍን ቤተ ሙከራ ተቀጥራ ጠዋት ሄዳለች፤ ቤትም እዚያው ተከራይታለች። እኔ ግን ሐሳቧን ቀይራ ማታ ትመለሳለች ብዬ ነበር።

በሕልሜ የቤተ ሙከራው ዘበኛ ደረቴ ላይ ባጅ ለጠፈልኝ። «አሸዋ» እንደሚል ያየሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

የቤተ ሙከራው ፕሮፌሰሮች ብልቃጥ ውስጥ ተኮልኩለዋል። በዓይን የማይታዩት የኒኬል ቅንጣቶች ሰው አክለው፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው ይመረምሯቸዋል።

«ምን እየሠራችሁ ነው ጌታዬ?» አልኩት አንዱን ቅንጣት።

«ለሰው የከሰል ቅርፊት። ሰዎች ሙቀት ሲነካቸው እርስ በርስ ይጣበቁና ሥራ ያቆማሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው አሸዋ ላይ እናስቀምጥና ስኳር ቀብተን ያለ አየር እናከስለዋለን። ከዚያ አሸዋውን በአሲድ አሟሙተን እናወጣለን። ቅርፊቱ ባዶ ሲሆን ሰውየው ውስጡ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል።»

«አሸዋውስ?»

ባጄን አየና «ሥራውን ጨርሷል፣ እናቴ» አለኝ።

ረድኤት ማክሰያው ምድጃ ውስጥ ነበረች። በበሩ መስታወት ሳያት እግሯን አጣጥፋ ብርቱካን ትልጣለች።

«እማዬ፣ ሳይቀዘቅዝ እንዳትከፍቺው። አየር ከገባ ቅርፊቱ አመድ ነው የሚሆነው።»

«በልተሻል?»

«እየበላሁ ነው እኮ።»

«ፊትሽ ጠቁሯል።»

«ከሰል ነዋ።»

ትንሽ ገርበብ ላደርገው ብቻ ነበር። እሳቱ ቦግ አለ፤ ቅርፊቷ አመድ ሆኖ ተበተነ። እሷ አልተቃጠለችም፤ ደረቴ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ልለቃት ብሞክር የትኛው እጅ የማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ቅንጣቱ በመቆንጠጫ አገላብጦ አየን። «አንድ ላይ ቀልጠዋል። ከእንግዲህ ሚዛን ላይ ክብደት ከመጨመር በቀር ለሥራ አይሆኑም።»

«እማዬ» አለች ረድኤት፣ አፏ ትከሻዬ ላይ እንደታፈነ፤ «መሥራት እችል ነበር።»

ስልኩ ቀሰቀሰኝ። እሷ ነበረች።

«እማዬ፣ የተከራየሁት ቤት በር አልቆለፍ አለኝ።»

እንግዲያው ተመለሽ ልላት አልኩና ዋጥኩት።

«እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርገሽ ቁልፉን አዙሪው።»

«እንቢ አለ።»

«በሩን በትከሻሽ ደገፍ በዪው።»

ቁልፉ ቀጭ ሲል በስልኩ ሰማሁት።