አማቴ፣ እኔና የሆዳችን እንግዶች

እንደ ስኳር በሽታ ስሙ ሰውን የሚያሳስት በሽታ አላየሁም። ሌሎቹ ገና ስማቸው ሲጠራ ያስደነግጣሉ፤ ይሄ ግን ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ይመስላል። «ስኳር አለብኝ» ብትሉ አንዱ ጎረቤት ብርጭቆ ይዞ ከች ሊልባችሁ ይችላል። ደባርቅ ላይ ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ገበያ ደርሳችሁ እስክትመለሱ አንዱ አብሽ፣ አንዱ ተልባ፣ አንዱ ስሙን የማይነግራችሁን መራራ ሥር ያዝዝላችኋል። ከሁሉም የባሰው ሐኪም ግን እኔ ቤት ገባ። አማቴ።

እትዬ ጥሩነሽ የዳባት ሰው ናቸው። እኔ ስኳር እንዳለብኝ በተነገረኝ በወሩ ለእሳቸውም ያው ተነገራቸውና፣ ባለቤቴ «ከዓይኔ አይርቁም» ብላ ደባርቅ አመጣቻቸው። እኔና አማቴ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተነጋገርነው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። «እንዴት ሰነበቱ፣ መምህር?» «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» ከዚያ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን። አማትና አማች እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ መከባበሩ ሲበዛ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ነርሷ በአንጀታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እንዳሉ፣ ልክ ሊጥ እንደሚያቦካው እርሾ መሆናቸውን፣ ያልተፈተገ ገብስ፣ ምስርና ጎመን ሲያገኙ ለሰውነታችን እንደሚሠሩ ነገረችን። «ምግቡ ያግዛል እንጂ ክኒኑን አይተካም» ማለቷንም እኔ ሰምቻለሁ። አማቴ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

«ልጄ፣ እነዚህ ፍጥረታት ይጾማሉ?»

ነርሷ ትንሽ አሰበች። «እናቴ፣ እርስዎ የበሉትን ነው የሚበሉት።»

«እንግዲያው ይጾማሉ» አሉ አማቴ፣ ፊታቸው በርቶ።

ፍጥረታቱን «የሆዴ እንግዶች» አሏቸውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ የእንግዶቹ ሆነ። ነጭ ዳቦ ተሰደደ፤ የገብስ ቂጣ ነገሠ። አማቴ ሆዳቸውን መታ መታ እያደረጉ «እንግዶቼን ዛሬ ጎመን አማራቸው» ይሉናል። የእኔም ሱሪ ሰፋ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሊማሊሞ መውጫ አብረን ስንሄድ፣ አፍሬ ነው እንጂ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

በሁለተኛው ወር አማቴ ሳሎን ገቡና ከግድግዳው ላይ ለተሰቀለው የእኔ ኮት ጎንበስ ብለው «እንዴት ዋሉ፣ መምህር?» አሉት። ልስቅ ስል ነገሩ ገባኝ። ዓይናቸው ደክሟል። ባለቤቴ ሮጣ ራስጌያቸውን ብትፈትሽ ክኒኑ ማሸጊያው እንኳ አልተከፈተም።

«እንግዶቼ እየሠሩልኝ ሳለ በላያቸው ላይ ሠራተኛ መቅጠር ነውር ነው» አሉ።

ባለቤቴ ለመነች፤ አለቀሰች። ወይ ፍንክች! እኔ ደግሞ ምን ልበል? አማች አማቱን አይቆጣ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ክኒኔን አወጣሁና ገበታው ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔም ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ። እንግዶቼ ይበቁኛል።»

አማቴ ቂጣውን ከእጃቸው አኖሩ። ክኒኑን አዩ፤ እኔን አዩ፤ አጠገቤ የሚበሉትን ሁለት ሴት ልጆቼን አዩ።

«አንተ!»

ባለቤቴ የያዘችውን ማንኪያ ጣለች። ዐሥራ ሁለት ዓመት «እርስዎ» ሆኜ ኖሬ «አንተ» ሆንኩ!

«እነዚህን ልጆች ለማን ልትተዋቸው ነው? ዋጥ!»

«እርስዎ ሳይውጡ?»

ብድግ ብለው ገቡ። የራሳቸውን ይዘው ተመለሱና ማሸጊያውን በጥርሳቸው ቀደው፣ ዓይኔ እያየ ዋጡት። «አየህ? እንዲህ ነው የሚዋጠው። አሁን አንተ!»

ዋጥኩ። ከደስታዬ ብዛት ውሃው ትን አለኝ።

በየጠዋቱ እንዲሁ ቀጠልን፤ እሳቸው ያሳዩኛል፣ እኔ እማራለሁ። በሚቀጥለው ክትትል የእሳቸው ስኳር ከእኔ በልጦ ወረደ፤ ዓይናቸውም ቀስ በቀስ ጠራ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሴቶቹ ሲያወሩ ደረስኩ፦ «አማቼ እኮ ክኒን እምቢ ብሎ ሊሞትብኝ ነበር! ያስለመድኩት እኔ ነኝ።» ሴቶቹ ተራ በተራ እጄን እየያዙ «አማትህን ስማ» ብለው መከሩኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። አማቴ ከሩቅ፣ ጥርት ባለ ዓይን፣ አፍጥጠው ያዩኛል።

እሱንም ዋጥኩት።