ጋሽ ተሰማና የጎረቤት ለቅሶ ሕግ

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ዳኛ አይጠፋም። የካርቱሙ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ዳኛ ክቡር ጋሽ ተሰማ ናቸው። የሕግ ትምህርታቸውን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥለው ተሰደዱ። አሁን ማራገቢያ ይጠግናሉ፤ ሕጉ ግን እርሳቸውን አልለቀቃቸውም። የማራገቢያ ክንፍ እንደያዙ «ፍርድ ቤት እኮ በዚህ ላይ ወስኗል!» ካሉ፣ ያ ማራገቢያ ያን ቀን አይዞርም።

ጎረቤታቸው ሸዋዓለም እርሳቸውን ሽሽት መንገድ ትቀይራለች። አንድ ጊዜ አብረው ሪክሻ ተሳፍረው ሹፌሩን ስለ ዕረፍት መብቱ ሲያስረዱት፣ ሰውየው መብቱ ገብቶት እዚያው መሃል መንገድ ላይ አረፈ። በእግራቸው ገቡ። በሰርግ ላይ ደግሞ ወጥ ቤቶቹን «የትርፍ ሰዓት ታስቦላችኋል?» ብለው ድግሱን ሊበትኑት ነበር።

ሸዋዓለም ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ በሐጃ ዘሊካ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። በቀደም ጎረቤቷ ስትሞትባት እንደ ወጉ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። ስትመለስ የስፌት መኪናዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«የሐዘን ፈቃድ ለዘመድ ነው። የመንግሥት መመሪያ ነው፤ ኸላስ፣ አለቀ!» አሏት ሐጃ።

ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነው። እያለቀሰች ሄዳ የምትሸሻቸውን ሰው በር አንኳኳች። የጋሽ ተሰማ ፊት በራ። ሐዘኗ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ቀን ስለመጣ ነው።

በሠራተኛ ጉዳይ መክተብ፣ በቢሮው ተቆጣጣሪ በዳውድ ፊት፣ የሰርጋቸውን ከረባት አስረው ቀረቡ።

«ያ ኡስታዝ፣ መመሪያው ለዘመድ ይላል። ፍርድ ቤት ግን የቆየ የሥራ ቦታ ልማድ አሠሪውን ያስገድዳል ብሏል! እስቲ ሐጃን ልጠይቅ፤ ዐምና ጎረቤትዎ ሲሞቱ ስፌት ቤቱ ክፍት ነበር?»

«ወላሂ ዘግቼ ቢካ፣ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ሞቶ ማን ይሰፋል?»

«ለለቀስተኛው ሻይ ያቀረበውስ ማን ነው?»

ሐጃ ሸዋዓለምን አየት አደረጓት። «እሷ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ከእኔ ብሳ ነበር የምታለቅሰው።»

«በቃ፣ ልማዱ ታየ» አለ ዳውድ። «ያላ፣ ነገ ሥራዋ ላይ ትግባ።»

ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ወደ ጋሽ ተሰማ ዞረ። «ለመሆኑ ጠበቃ ነዎት? ለሠራተኛ መናገር የሚችለው ጠበቃ ወይም ዘመድ ብቻ ነው። አለዚያ የተባለው ሁሉ ፈራሽ ነው።»

ጋሽ ተሰማ ዐመድ መሰሉ። ሕጉን ሁሉ ሲያነበንቡ ይህቺን አንቀጽ ረስተዋታል። ሕግ ፊት ከመዋሸት ደግሞ ሞት ይቀላቸዋል። እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሸዋዓለም ክንዳቸውን ያዘች።

«ዐሚ ናቸው» አለች። «የአባቴ ወንድም።»

ዳውድ ሐጃን ተቃውሞ እንዳላቸው ጠየቀ።

«ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ሳትጠየቂ አትናገሪ እያለ ሲነዘንዛት ነበር» አሉ ሐጃ። «አጎት ካልሆነ ማን እንዲህ ይነዘንዛል?»

«እንግዲያው ውሳኔው ጸንቷል» አለ ዳውድ፤ ጋሽ ተሰማ የከፈቱትን አፍ ዘግተው ወጡ። በሩ ላይ በከረባታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ የሰጠሽው ቃል እኮ ሐሰት ነው።»

ሸዋዓለም ሳቀች። እንዲህ እንደምትወዳቸው እስከዚያች ሰዓት አላወቀችም ነበር።

«ታዲያ ይግባኝ ይበላ፣ ዐሚ!»

ጋሽ ተሰማ ይግባኝ አላሉም።