የገነት በረኛዋ

በየቤተ ክርስቲያኑ አንዲት የገነት በረኛ አትጠፋም። ማን እንደሚገባ፣ ማን ደጅ እንደሚቀር እግዜር ሳይነግራት ታውቃለች። ማን እንደሾማት ጠይቆ በሰላም የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም።

የኛዋ የስፌት ቤቱ አለቃ ነበረች። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደነበረች አልናገርም፤ ሁላችሁም የጎረቤት ናት በሉ። ከሥሯ የምንሠራው ሦስት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ መቁጠሪያ የማይለያት፣ አንዷ ግንባሯ መሬት እስኪነካ የምትሰግድ፣ እኔ ደግሞ እጄን ዘርግቼ የምጮህ። ክብርት በረኛችን ለሦስታችንም አንድ ፍርድ ነበራት፦ «ደግስ ደግ ነሽ፤ መዳንሽን ግን እንጃልሽ።»

ምሳ ስንበላ ቡራኬያችን ምግቧን እንዳይነካው ሳህኗን ይዛ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ልጄ የታመመች ጊዜ የኔን ሥራ ደርባ ስትሠራልኝ ከረመች፤ ላመሰግናት ብሄድ ስለ ጥምቀቴ ትመረምረኝ ጀመር። እንደሷ ያናደደኝ ሰው የለም። ነፍሷን ይማር፣ እንደሷ የሚናፍቀኝም የለም።

ኋላ ያ ክፉ ዘመን መጣና የሁላችንም ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሰሞን ታሸገ። አሳዳጅ መቼም አይመርጥም፤ ሰጋጁንም ጯሂውንም ባንድ መጥረጊያ ነው የጠረገን። ተሰብስቦ መጸለይ ያሳስር ጀመር። መሄጃ ስናጣ ከሥራ በኋላ እዚያው ስፌት ቤት እንጸልይ ተባባልን። ግን በረኛዋን ማን ይጠይቅ? ባለመቁጠሪያዋ ደፈረች። አለቃችን ስታጉረመርም ቆየችና፣ «ከናንተ ጋር አልጸልይም። የስፌት መኪናውን ግን እነዳላችኋለሁ፣ ድምፃችሁ ውጪ እንዳይሰማ» አለች።

እኛ ጥጉ ላይ ስንንበረከክ እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን በእግሯ ታንደቀድቃለች። ክር ማባከን አትወድምና የምትነዳው በባዶ መርፌ ነበር። የኔ ጸሎት ሲረዝምባት፣ አሳጥሪው፣ ጉልበቴ አለቀ ትለኛለች።

ያጋለጠንም ይኸው ቁጠባዋ ነው። አንድ ቀን የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሳናስበው ገባ። ምን እንደምንሠራ ሲጠይቀን የልብስ ቁልፍ ወድቆብን ስንፈልግ ነው አልነው። እሱ ግን ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ ክር የሌለውን መርፌ አየና ሳቀ።

«አንቺም ከነሱ ነሽ?» አላት።

አይደለሁም ብትል ይበቃት ነበር። ውሸትም አይሆንባት፤ ዕድሜ ልኳን ስትለው የኖረችው ነው። ቀና ብላ ሦስታችንንም አየችን።

«እህቶቼ ናቸው» አለች። «ቤቱን የከፈትኩላቸውም እኔ ነኝ።»

እሷን ብቻ ይዟት ሄደ።

በተፈታች ጊዜ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። የታሸገው ሁሉ ተከፍቷል፤ እኛም በየፊናችን ገብተናል። ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ምሳችንን እንኳ በየጥጋችን እንበላ ነበር።

የመጣች ዕለት ሥራ አልቆ ሰው ወጥቷል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከስታለች። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን አዘጋጅታ ጠበቀች። በመጨረሻ ሌሎቹስ አለችኝ። በየቤተ ክርስቲያናቸው ናቸው እትዬ፣ አሁን እኮ ተከፍቷል አልኳት።

«እኔ ለየብቻ እንጸልይ አልኩ እንጂ» አለች፣ «ለየብቻ እንኑር መቼ ወጣኝ?»

ጥጉ ጋ ሄጄ ተንበረከክሁ፤ እሷም እስክጨርስ መኪናውን ነዳችልኝ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ የምንደበቀው ሰው አልነበረም።