የፍሳሽ ቱቦ በሞተር አፍ

ሚስቴ ሂሩት ካረፈች ሰባት ወር ሆናት።

ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ፣ ሳታውቁ ስቃችሁ በኋላ እንዳትጸጸቱ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እሷም ትስቅ ነበር።

መኪናችን አሮጌ ኮሮላ ናት። አስም እንዳለበት ሰው ታፏጫለች። የምትነዳት ሂሩት ነበረች፤ እኔ በባጃጅ ነበር የምሄደው። አመሻሽ ላይ ፉጨቱ ከቅያሱ ጫፍ ሲሰማ የሦስት ዓመቷ ልጃችን ሜላት ጫማዋን አገላብጣ አጥልቃ ወደ ግቢው በር ትበራለች። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ግን አሁንም ትሮጣለች። «እማዬ!» ትላለች። በሩን ስከፍት ታየኛለች። «አንተ ነህ እንዴ?» ብላ ትመለሳለች። እንዲህ ያለውን አቀባበል ስንት ቀን ትችሉታላችሁ?

ስለዚህ የመኪናዋን ድምፅ ለመቀየር ቆረጥኩ። ብሸጣትስ? አልሆነልኝም። መቀመጫው እንኳ በሂሩት ቁመት እንደተስተካከለ ነው፤ ጉልበቴ መሪው ሥር ተጣብቆ ነው የምነዳው።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው ለሞተር የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ በእጁ ሲሠራ አየሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር አየር ይስባል፤ ኮፈን ሥር ያለው አየር ግን የጋለ ነው። ቱቦ ዘርግተህ ከፊት፣ ከመብራቱ ሥር፣ ቀዝቃዛውን ታቀብለዋለህ። ጉልበት ይጨምራል አለ ሰውዬው። ድምፁም ይለወጣል አለ። እኔን የገዛኝ ይኼ ሁለተኛው ነው።

መናኸሪያ አካባቢ ጋራዥ ያላቸውን ጋሽ ደስታን አማከርኩ። የልጄን ነገር አላነሳሁም። ጉልበት እንድትጨምር ነው አልኳቸው።

«የት ልትሄድባት ነው? ሐዋሳ እንደሆነ ሜዳ ናት» አሉኝ። «ደግሞ ክረምት ሲመጣ በዚያ ቱቦ ጎርፍ ትጠጣልሃለች። ያን ጊዜ የሞተሩን ለቅሶ እንደርሳለን!»

ካቻቢቴያቸውን ግን አዋሱኝ። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው፤ ሥራህን እየሰደበ መሣሪያውን ያውስሃል።

ቱቦው ከጎረቤት ግንባታ የተረፈ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። የድሮውን የአየር ፊልትሮ ሳጥን ፈታሁ። ቱቦውን በመጋዝ ቆረጥኩ፣ በእሳት አለስልሼ አጠፍኩ፣ ጫፉ ላይ አዲስ ፊልትሮ አሰርኩ። አማቴ እማማ አስቴር በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ለመኪናዋ ሽንት ቤት ልትሠራላት ነው?» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሌላው ቢቀር ይኼን አተረፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስነሳኋት። ፉጨቱ የለም! እንደ በሬ ታጓራለች። ሰፈሩን አንዴ ዞርኩና በቅያሱ ገባሁ። በሩን ራሴ ከፈትኩ። ማንም አልሮጠም። ተሳካ! ጋሽ ደስታ አሁን ምን ይላሉ?

ሜላት ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ የጠርሙስ ክዳን ትደረድራለች። ቀና እንኳ አላለችም።

«መኪና አልሰማሽም?» አልኳት።

«የሰው መኪና ነው» አለችኝ።

እማማ አስቴር፣ «እሰይ፣ ይኸው መርሳት ጀመረች» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ደጅ ድረስ ሮጦ የሚቀበለው ልጅ አልነበረውም ማለት ነው። ለካስ እኔም ያቺን ሩጫ ስጠብቅ ነው የምውለው። በየቀኑ ለአንድ ደቂቃ፣ ከቅያሱ ጫፍ እስከ በሩ ድረስ፣ ሂሩት ወደ ቤቷ ትመጣ ነበር። ከቤታችን ሰው አሁንም ሂሩት ትመጣለች ብሎ የሚያምን አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያንን እምነትም በፍሳሽ ቱቦ ልሸኘው ነው?

ወጥቼ ቱቦውን ፈታሁ። የድሮውን ሳጥን መልሼ አሰርኩ። አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ መቼም አንድ ብሎን ሳይተርፍ አይቀርም። እስከ አስፋልቱ ነዳሁና ዞሬ በቀስታ ወደ ቅያሱ ገባሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከግቢው ውስጥ የትንሽ ጫማ ኮቴ ሰማሁ።

ሞተሩን ሳላጠፋ ትንሽ ቆየሁ።