የእህት ሊና አፍንጫ፣ ካሜራውና አሜን

የመዝሙር ኮሚቴው እሑድ ጥር 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቀኑ 8፡10 እዚህ ዐረብ አገር ባውሽሪዬ በሚባለው ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ተሰብስቧል።

የተገኙ፦ እህት ሸዋረገድ (ሰብሳቢ)፣ ወንድም ታዴዎስ (የድምፅ ክፍል)፣ እህት ሊና (ግጥም በስክሪን አቅራቢ)፣ እህት ማሚቴ (ጸሐፊ)።
ያልተገኙ፦ ሁለት፤ አሠሪ ማዳሞቻቸው እንግዳ ስለጠሩ። ከስድስት አራት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ መዝሙር በአፍንጫ ይመራል ወይ?

እህት ሊና ጅዴይዴ ሰፈር በሚሠሩበት ቤት መጋረጃ ሲሰቅሉ ከመሰላል ወድቀው ሁለቱም እጆቻቸው በጀሶ ታስረዋል። ወንድም ታዴዎስ ላፕቶፑ ላይ ፕሮግራም መጫናቸውን አስረዱ፤ ካሜራው የእህት ሊናን አፍንጫ ይከተላል፣ የስክሪኑ ቀስት አፍንጫቸው ወደ ዞረበት ትሄዳለች፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ገጹ ይገለበጣል።

ሰብሳቢዋ፣ ባለፈው እሑድ በንስሐ መዝሙር መካከል እህት ሊና «አሜን» በማለታቸው ስክሪኑ ላይ የሰርግ መዝሙር መምጣቱን፣ ግማሹ ምእመን ሲያለቅስ ግማሹ እልል ማለቱን አስታወሱ። ወንድም ታዴዎስ «ያኒ፣ ማለቴ፣ አሜንና ማዛጋት ለማሽኑ አንድ ነው» ሲሉ መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ እህት ሊና ከንፈራቸውን ገጥመው አሜን እንዲሉ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሙከራ

እህት ሊና ከንፈራቸውን ገጥመው ሞከሩ። የወጣው ድምፅ የጥጃ ነው አይደለም በሚለው ላይ ስምምነት አልተደረሰም። ሰብሳቢዋ ሳቁን ለማስቆም ወደ ላፕቶፑ ሲጠጉ ካሜራው የእህት ሊናን አፍንጫ ትቶ የእሳቸውን ያዘ። «ኸላስ! በቃ! አጥፋው!» ባሉ ቁጥር መዝሙር ተገለበጠ፤ አሥራ አንድ መዝሙር አለፈ። ፕሮግራሙ ከዛሬ ጀምሮ ከላፕቶፑ እንዲነሣ ተወሰነ። ወንድም ታዴዎስ ከጠረጴዛው ሥር እየሳቁ ስለነበር ድምፅ አልሰጡም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

እህት ሊና እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። «ሳምንቱን ሙሉ ማዳሜ ‹ዝም በይ› ትለኛለች። አሜን የምለው እሑድ ብቻ ነው። እሱንም በአፍንጫዬ ልበል? አለዚያ ስክሪኑን ልተው?»

ሰብሳቢዋ ወንበር ስበው ካሜራው ፊት አስቀመጡና «ያላ፣ ነይ ቁጭ በይ የኔ እህት» አሉ።

ስለዚህ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። እህት ሊና የፈለጉትን ያህል ጮኸው አሜን ይላሉ፤ ስክሪኑ የትም ቢዘል ጉባኤው የመጣለትን ይዘምራል።

ስብሰባው 9፡20 ላይ ተነሥቷል።