ከኩበቱ ሥር የተዛቀ አፈር

ሰው «ደህና ነህ ወይ?» ሲለኝ ዐይኔን በጨው አጥቤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ጨጓራዬ እየተቃጠለ እንኳ! እናንተስ? አትደብቁኝ። እኛ ዘንድ ጎደለኝ ማለት ነውር ነው። ይህን ነውር ደግሞ ለአፈሩም አስተምረነዋል።

ገጠር፣ አማኑኤል ከተማ አጠገብ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ አያ ምህረቴ፣ ዳልቻ የምትባል ላም አለችው። ካቻምና ጎድኗ ሊቆጠር ደረሰ። ወተቷ ለጥጃዋም አልበቃ አለ። መስኩ ሳር አለው፤ ግን ምን ሳር! ሲያዩት አረንጓዴ፣ ሲግጡት ባዶ። ከብት የሚያጠግበው የድሮው የግጦሽ ተክል፣ ማገጥ፣ ከጠፋ ቆይቷል። ወንድሜ ላሟን ሊሸጣት ቆርጦ ነበር። እናቷም አያቷም እዚያው በረት ነው የተወለዱት።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጣች። ላሟን ከመሸጥዎ በፊት መሬቱን እንመርምረው አለችው። ከግጦሹ ከአሥር ቦታ ስንዝር ስንዝር ቆፍረው፣ ቀላቅለው ያቆዩኝ ብላ ከረጢት ሰጥታው ሄደች።

አያ ምህረቴ ከረጢቱን ይዞ አሰበ። እንዴት ለተማረ ሰው፣ ያውም ለእንግዳ፣ ያን የገረጣ አፈር ይሰጣል? ሰነፍ ብትለውስ? ከጓሮ፣ ኩበት ከሚከመርበት ሥር፣ ጥቁሩን፣ ቅቤ የመሰለውን ዛቀላት።

ውጤቱ መጣ። አፈሩ እጅግ ለም ነው፣ ምንም አይጨመርበት ይላል። ወንድሜ ወረቀቱን ለጎረቤት ሁሉ አስነበበ። ባለቤቱ እትዬ ዘውዴ ግን «እስቲ ለዳልቻም አንብብላት፤ ምናልባት ትጠግብ እንደሆነ» አለችው። በሦስተኛው ቀን እውነቱን ተናዘዘላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱማ ጭራሽ የጤና ወረቀት አውጥቶበት!

እትዬ ዘውዴ ሌላ ከረጢት ተቀብላ፣ ራሷ ዶማ ይዛ መስኩን ዞረች። ይኼኛው ወረቀት አላሞካሸም። መሬቱ ኮምጥጧል፣ ተርቧልም። ለካ ከብቶቹ ሲግጡት፣ ሰው ኩበቱን ለምድጃ ሲለቅምበት፣ ለመስኩ የሚመልስለት አልነበረም። ኮምጣጣነቱን እንዲያበርድ ኖራ በተኑበት። የበረቱን ፍግም መለሱለት። ዳልቻ አልተሸጠችም።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ማገጡ አብቧል። እትዬ ዘውዴ የዳልቻን እርጎ በትልቅ ዋንጫ ሰጠችኝና፣ ከስተሃል፣ ለመሆኑ ደህና ነህ ወይ አለችኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ።

«ይኼ ከኩበቱ ሥር ነው፤ አሁን ከግጦሹ አምጣ!»