ከዐሥር ሦስት ያመጣው ጌም

ጋሽ ሙሉ ለጌሞቹ ማርክ ሰጡና ደንበኛ ሸሸን። የሆነው ይኸው ነው።

ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አንዱ ጌም «ከዐሥር ሰባት» ተሰጠው ሲባል ሳይ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ሰባቱን ማን ለካው? በምን? እንጃ።

ጋሽ ሙሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። እንጅባራ ላይ ጌም ቤት ከፈቱ፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲው ገና ግንባታ ላይ ነበር። እኔ ሠራተኛቸው ነበርኩ። የማድረውም እዚያው፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ሌላ ማደሪያ አልነበረኝም። ስለዚህ ጉዳይ ይህን ካልኩ ይበቃል።

አንድ ቀን መነጽራቸውን ሰክተው ጌሞቹን በየተራ ተጫወቱ። በሁሉም ተሸነፉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ማርክ ጻፉ። ኳሱ አምስት። መኪናው ስድስት። እርሻው ሦስት።

መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጌም ቤት ይህን ሰማና ለሁሉም ዐሥር ዐሥር ጻፈ። ልጅ ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። ምን ይፈረድበታል? እኔ ግን ቤቱ ከተዘጋ በእንጅባራ ብርድ ውጭ ማደሬ ነው። ለመንኳቸው።

«ጋሽ ሙሉ፣ ለኳሱ እንኳ ስምንት ይስጡት።»

«በረኛው የያዘውን ይለቃል። አምስት!»

«ለመኪናውስ?»

«ዐሥር ከሰጠሁት ነገ ምን ብሎ ያጠናል?»

ጌም ያጠናል እንዴ? 

በገበያ ቀን አያ ፈንታ የሚባሉ የዘንገና ገበሬ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ልጃቸውን ፍለጋ ነው። መናኸሪያ ጋ ሄዷል አልኳቸው። ሊወጡ ሲሉ ግድግዳውን አዩ።

«ይቺ ሦስት የማን ናት?»

«የእርሻው ጌም ነው፤ ከዐሥር ሦስት አምጥቶ።»

«የኔም ልጅ ሦስት ነው የሚያመጣው። እስቲ ክፈተው፣ ጉዱን ልየው።»

ተቀመጡ። ትራክተሩ አጥር ውስጥ ሲገባባቸው እንደ በሬ በአገውኛ ገሠጹት። «መሬቱ ድንጋይ የለውም! ማን ለቀመው?» እያሉ አረሱ። ምርቱ ሲገባ ወደ ጋሽ ሙሉ ዞሩ።

«መምህር፣ ይኼማ ለፍቷል። ይጨምሩለት እንጂ!»

ጋሽ ሙሉ ተማሪ ቢለምናቸው እንኳ ጨምረው የማያውቁትን ጨመሩ፤ ግማሽ ማርክ።

በሚቀጥለው ገበያ አያ ፈንታ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ሁሉም ልጁን ጎትቶ ሊወስድ የወጣ አባት ነው። ሁሉም ግድግዳውን እያየ ዝቅተኛ ማርክ ያመጣውን መረጠ፤ ተጫውቶ እንዲጨመርለት ሊሟገት።

ልጆቹ አልተመለሱም። አባቶቹ ግን ደንበኛ ሆነው ቀሩ።